ሁለተኛዋ

ኮሮላዋ አርጅታ፣ ወንበሯ ጭድ ሆኖ፣
የወተት ቢዶኑ ከኋላ ተጭኖ፣
ዘነበወርቅ ሌሊት ተረኛ አድራ ወጥታ
ከፉርሽካው መሃል ቁጭ ብላ አንቀላፍታ፣
ቤት ስንደርስ ነቅታ፦
«ሰው መሆኔ ቀረ፣ ሆንኩልህ ወይ ኩንታል?
ሁለተኛ መኪና ለዚህ ቤት ይገባል።»

ይገባል። ግን ምን?

ደላላው መሸሻ ጠባሴ አስፋልት ዳር
ሃይሉክስ አሳየኝ፣ ያረጀ፣ የሚያምር፤
ዋጋውን ሲጠራ ቤቴን ነው ያየሁት
ከነቆርቆሮው ተነሥቶ ሲሄድ በዚያች ዕለት።
አይሱዙስ ለእኔ ምን? ድንጋይ አላመላልስ።
ባጃጅስ? በሸራ? በዚህ ሁሉ ውርጭ?
ነጂውም ወተቱም ሲደርሱ ነጭ በነጭ።

ከዚያ ይቺን አየሁ፣
መኪና በመኪና ተጭና የመጣች፣
ግንባሯ ድፍጥጥ ያለ፣ ከጊደር ያልበለጠች፣
ከኋላዋ ክፍት፣ ለአምስት ኩንታል ቦታ፣
ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣
እንደ ሌባ የምትዞር በጠራራ በጸጥታ።
«በሶኬት ነው ቀለቧ፤ እንደ ስልክህ ቁጠራት፤
አንዴ ከጠገበች ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ናት»
አለኝ መሸሻ።
የደላላ ሁለት መቶ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ።

አማቼ ወሰንየለህ፣ የበቅሎ ነጋዴ የነበሩት፣
ጎማዋን እንደ ኮቴ ጎንበስ ብለው መቱት።
«ጥርሷስ?» አሉ። ሣቅን። እሳቸው አልሣቁም።
«የማያሽካካ ከብት አልገዛሁ፣ አልገዛም።»

«መብራት ሲጠፋስ?» አለች ዘነበወርቅ።
መሸሻ ጫማውን አየ። እኔም የእኔን አየሁ።
ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች፦
«መብራት ሄዶ ያድራል፣ ቤንዚን ሄዶ ይከርማል፤
እንግዲህ የሚያድረውን መምረጥ ይሻለናል።»

ለሙከራ ወጣን። ጉም ለብሷል ጣርማበር።
ዋሻውን አልፈን ገደሉ ሲጀምር
አማቼ ከጎኔ፣ መንገድ ላይ ዓይናቸው፣
እግራቸው ይረግጣል የሌለ ፍሬናቸው።
ቁልቁለቱን ስንይዝ አንድ ነገር አየሁ፤
ቁጥሩ ስድሳ አንድ ነው፤ ጠበቅሁት፤ ቆየሁ፤
ስድሳ ሁለት አለ። ትንሽ ቆይቶ ሦስት።
እየወረድን ነው፣ እሷ ግን ትሞላለች፤
ደብረ ሲና ስንደርስ ስድሳ ስድስት ሆነች።
«ምን በላች?» አሉኝ። «ቁልቁለት» አልኳቸው።
ዝም አሉ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ወርደው
አንዲትም በቅሎ ጠግባ ታች ስትደርስ አላዩም።

ስንመለስ ግን፣
ቁልቁለት ያበደረንን ዳገት ከነወለዱ ተቀበለን።
ዋሻው አፍ ስንደርስ፣ አርባ ስምንት።

በዚያው ማታ ገዛናት። የሁለት ጊደር ዋጋ፣
የዕቁብ ብር፣ የማኅበር ብድር፤
ቀሪው፣ ሲነጋ ሲነጋ።
በኩሽናው መስኮት ገመድ አወጣሁኝ፣
ሰካሁት፤ አረንጓዴ ዓይኗን ጠቀሰችኝ።
ሩብ ሰዓት አልሞላም፣
ስሟ ብርሃን የሆነ ከተማ ድርግም አለች።
ዘነበወርቅ በጨለማ ሣቀች።
እኔ አልሣቅሁም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ
ወጣሁ። ውርጩ መሬቱን ጨው አስመስሎታል።
ጓሮ ሰው ቆሟል፣ ባትሪ በብብቱ ይዞ።
አማቼ ናቸው።
የአልጋቸውን ብርድ ልብስ፣ ያን ቀዩን፣
ግንባሯ ላይ ዘርግተው
ጫፉን ከመብራቷ ሥር ይወትፋሉ።
«ዳገት ወጥታ ያላባትን» አሉኝ ሳይዞሩ፣
«ውርጭ ላይ አያሳድሯትም።»

አላላባትም ልል ነበር።

በወዲያ በኩል ዞሬ
ጫፉን ያዝኩላቸው።