የጥጥ እንጨት

ከዳውጋቫ ድልድይ ትራሙ ሲሻገር
ዘልማ በአንድ ጎኗ ከወንበሯ ዳር
ትቀመጥ ነበረ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣
«ኩራት ነው አመሏ» ባልደረቦች ሲሉ።

የሱሪዋ ስፌት እንደ ምላጭ ስሎ
ሐዲዱ በነቀነቃት ቁጥር እሳቱ ተቀጣጥሎ፣
ለማንስ ትንገረው? ስሙን በምን ትጥራው?
የሌሊት ሰካራም ለስድብ ካልሆነ ማንም አይደፍረው።

አንዱ ሐኪም «ፈንገስ» ብሎ ቅባት ሰጣት፣
አንዱ «ጭንቀት» ብሎ ዕረፍት አዘዘላት፣
ሦስተኛው ፈገግ አለ፤ «ስትወልጂ ይተዋል።»
ኦያርስ ከአልጋው ጠርዝ ዝም ብሎ ያደምጣል።

በጥቅምት አንድ ቀን ዶክተር ቪዝማ ዘንድ ገባች።
ቪዝማ መስታወት ሰጠቻት፣ የጥጥ እንጨት አነሣች፦
«ክብ ሰዓት አስቢ፤ ስነካሽ ንገሪኝ፤
ካመመሽ አመመኝ፣ ካላመመሽ ደህና በዪኝ።»

ዐሥራ ሁለት ላይ ደህና።
ሦስት ላይ ደህና።
አምስት ላይ
ዘልማ ጮኸች፣ እጇ አንሶላውን ጨመቀ፤
«አገኘነው» አለች ቪዝማ፣ «ቦታው ታወቀ።»

ያኔ ነው ያነባች። ለሕመሙ አይደለም፤
ሰባት ዓመት ያዞራት ነገር የጥጥ ጫፍ አይሞላም።

ምክንያቱን ፈለጉ፦ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትውጠው የኖረች ክኒን
ስሱን ቆዳ አድርቆ፤ ከሥሩም ጡንቻዋ ጨብጦ ቡጢውን።
ክኒኑ ቀረ። ሌላ ቅባት መጣ። መተንፈስ ተማረች፣
ቡጢዋን በየምሽቱ ጣት በጣት ፈታች።

በረዶው ቀለጠ። አንድ ሰኞ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ፣
ራሷን አገኘችው ወንበሯን ሞልታ።

አምስት ሰዓት ላይ አሁንም ይቆጠቁጣታል፣ አንዳንዴ።

ማታ ለኦያርስ ያንን ስም ነገረችው፣
ያለ ስድብ፣ ያለ ሹክሹክታ፣
ፌርማታ እንደምትጠራ።