ጎ ኦፍ

«ጎ» ያው መሄድ ነው፣ «ኦፍ» መራቅ፣ መነሣት፤
ለዳይና ይህንን ማንም አልነገራት፣
መዝገበ ቃላቱ ነው ሪጋ ላይ የሰጣት።
ግሪምዝቢ መጥታ፣ ዓሣ ፋብሪካ ገብታ፣
ቃሉም እንደ ዓሣው ሆነባት፤
ያዝኩት ባለች ቁጥር ከእጇ አሟለጫት።

ሌሊት አሥር ተኩል ሲሆን
የራስጌ ሰዓቷ ይንጫጫል፤
አላርሙ «ጎ ኦፍ አለ» ይባላል።
ተነሥታ መብራት ስታበራ፣ አምፖሉ ቷ! ብሎ ይጠፋል፤
እሱም «ጎ ኦፍ አለ» ይባላል።
የጮኸውም ሄደ፣ የጠፋውም ሄደ፤
ምን ዓይነት አፍ ቢሆን ነው
መንቃትና መጨለምን መንታ አርጎ የወለደ?

ወተቱን ስታሸት ኮምጥጧል፤
ከፍሪጁ በር ንቅንቅ ሳይል፣ እሱም ሄዷል።
ከድሮው ጦርነት የተረፈ ቦምብ
ባሕሩ ዳር አጥረው ያፈነዱ ለታ፣
መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱ ሁሉ
«ሄደ! ሄደ!» አለ በደስታ።
የሽማግሌው የሚስተር ፔንዱል ቀብር ደግሞ
«መልካም ሄደ» አሉ፤
ዳይና ግራ ገባት፦
ሟቹን ነው ሥርዓቱን የሚሉ?

አከራይዋ ኢኒድ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
አንድ ማታ የባቄላ ቆርቆሮ ስትከፍት፣
«የኔው ክሌምም» አለች፣ «ጎ ኦፍ አለ፤ ሄደ።»
ዳይና እርሳሷን አነሣች፦
«የትኛው ነው? ጮኸ? ጠፋ? ፈነዳ?
ወይስ እንደ ወተቱ?»
ኢኒድ ሳቀች፣
ሰው ሠራሽ ጥርሷን በመዳፏ እስክትይዝ።

«በየተራው፣ ልጄ፣ በየተራው።
መጀመሪያ ጮኸ። ከዚያ ኮመጠጠ።
በመጨረሻ ፀጉር ሠሪ ተከትሎ ሃል ገባ።
እኔ ግን ቀድሜው ሄጃለሁ፣
እዚሁ ጣሪያ ሥር፣ እግሬን ሳላነሣ፣
ካልሲውን እያጠብኩ ልቤ እሱን ሲረሳ።
ከሰው ላይ መሄድ ይባላል፤ መጥላት አይደለም፤
መውደድ እንደ ሻይ ሲቀዘቅዝ ነው።
ጻፊው፣ ችግር የለም።»

ዳይና ጻፈችው፣ በሰባተኛው ተራ።

ግን ከደረጃው ሥር፣ ካረጀ መሳቢያ ውስጥ፣
ሌሊት ዘጠኝ ከሩብ፣
ጀልባዎቹ ድሮ በሚነሡበት ጊዜ፣
አንድ የእጅ ሰዓት ይጮኻል። የክሌም ነው።
ማንም ወርዶ አያጠፋውም፤
ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ይተወዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ኢኒድ ከሱቅ ስትመለስ፣
ዳይና ዘንቢሉን ተቀብላ ስታራግፍ፣
ከዳቦው፣ ከሳሙናው፣ ከአዲሱ ወተት መሐል
አንዲት ባትሪ አየች፣
ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ፣ ክብ።

ደብተሯን አወጣች።
መልሳ ከተተችው።