ለማየት ነው አለ

ከቀሃ ወንዝ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ሦስት ወር ሙሉ ለፋ ጋሽ ዋሴ ላንድ ቢላ።
ብረቱ ባሌስትራ፣ ከኤንትሬ ሬሳ፣
ሊማሊሞን ወርዶ ዳግም ካልተነሳ።
እጀታው የቀንድ ነው፣ ያንድ ያረጀ በሬ፤
ስሙን ነግሮት ሄዷል የሸጠው ገበሬ።
«አይዞህ ዳልቻ» ይላል፣ ቀንዱን ሲሞርድ፣
እኔ ወናፍ ይዤ ሳቄን ሳሳድድ።
በስለቱ ጀርባ ገብስ ቀርጾበታል፤
ሱቁ ነፋስ የለው፣ ዛላው ግን ያጋድላል።

ባባቱ ዘመን ግን፣ ማረሻ ያስመታ፣
ቀን እጁን የሻ ሰው፣ ዓይኑን ሸሸ ማታ።
ዛሬ ዓይን ሊያርፍበት፣ መስታወት ተሠርቶ፣
ይኸው ሊኖር ነው አሉ፣ ከፋይ ላይ ተኝቶ።

ገዥው ጎንደር መጣ፣ ጓንቱን አጠለቀ፤
እንደ ጨቅላ ይዞ ክብደቱን ጠየቀ።
«ለመቁረጥ አይደለም፤ ለማየት ነው» አለ።
ጋሽ ዋሴ ዝም ብሎ ብሩን ጠቀለለ።

እኔ ግን አውቃለሁ።
ትናንት ማታ፣ በሩን ዘግቶ፣
ከምሳ ዕቃው ውስጥ አንድ ቀይ ሽንኩርት አውጥቶ፣
መስፉ ላይ፣ በዚያው ቢላ፣
ስስ አድርጎ ከተፈው፣
የኩራዙን ብርሃን እስኪያሳልፈው።
ዓይኑ እንባ አቀረረ።
«የሽንኩርቱ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳልጠይቀው፤
ስለቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፣ ጠረገ፣
ሽታው እስኪለቀው።
ከዚያ ወደ አፎቱ ቀስ አድርጎ እየመለሰው፣
«ጦሙንማ አይሄድም» አለ።