የሰርግ ስጦታ

አክስቴ ኤፌሚ
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለሰርጓ ሳምንት ሲቀር፣
አባቷ ስጦታ ሊሰጧት ወሰዷት
ከባሕሩ ማዶ፣ ከጥርስ ሐኪሙ በር።
ጀልባ አልገዙላትም፣ አልሰጧትም መሬት፤
ሃያ ስምንት ጥርሷን አስነቀሉላት፣
አንድ የማያማት፣ አንድ ያልጠቆረባት።
"ነገ ለባሏ ወጪ እንዳትሆን" አሉ፤
በጋስፔ ጠረፍ ያኔ ደግ አባቶች ሁሉ
እንዲህ ነበር የሚሉ።

ሐኪሙም መሰከረ፦ "ጥርስ የበሽታ ጎሬ ነው፣
ልብ የሚያደክመው፣ ጉልበት የሚቆረጥመው፤
ከሥሩ ሲነቀል ሰውነት ያርፋል" አለ።
ማን ነገረህ ያለው የለም፤ ማን ቆጥሮ አየ ያለም የለ።
ከመምህሩ ሰምቶ ነው፣ መምህሩም ከመምህሩ፤
ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ።

በሰርጓ ፎቶ ላይ ከንፈሯ አብጧል፤
ሌላው ሰው ሁሉ ይስቃል።
ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ በሐዘንም ይገለፍጣል፤
ከእሷ ግን ባዳው እንኳ ወጥቷል፤ ማን ይስቅላታል?

እኔ ኦዲል፣ የእህቷ ልጅ፣
ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ይኸው ጥርስ መንቀል ነው።
(ቀልድ አይደለም። ቀልድም ነው።)
ሃያ ስድስት ዓመት በዚሁ መንደር፣ በዚሁ ወንበር፣
የዓሣ አጥማጁን ልጅ አፍ ስቦረብር፤
ጥቁር ካየሁ ሰርስሮ፣ ሞልቶ፣ አስነክሶ መሸኘት፤
እንዲህ ነው የተቀበልኩት፣ እንዲህ ነው ያቆየሁት።

ትናንት ማታ ነፋሱ መስኮቱን ሲያንገላታ
አንድ ጥናት አነበብኩ፣ ሁለቴ፣ በዝግታ።
የወተት ጥርሳቸው የተበላ ሕፃናት ሰብስበው
ዕጣ ጣሉላቸው፤
ርስት ለመካፈል አይደለም፣ የሐኪም እጅ እንዳያዳላ ነው።
ለገሚሱ ተሰረሰረ፣ ተሞላ፤
ለገሚሱ አልተነካም፤ የብረት ቆብ ደፉበት ከላይ፣ ሌላ የለም ሌላ።
ከዚያ ጠበቁ። አንድ ዓመት። ሁለት። አምስት ዓመት።
ማን አለቀሰ? ማን በሕመም ነቃ በሌሊት?
ቆጠሩት።
ከቆቡ ሥር የታሸገው ጥቁር ተርቦ ቀረ፤
ስንቱ ልጅ ነው ታዲያ በእኔ እጅ በከንቱ የተሰረሰረ?

"አብዛኛው እንጂ ሁሉም አይደለም" ይላል ወረቀቱ፤ አይምልም፤
ያመንኩት ለዚህ ነው። የአክስቴ ሐኪም ሲምል
ጥርጣሬ አልነበረውም አንድም።

"ካፈርኩ አይመልሰኝ" አለ አንዱ ልቤ፤
አደርኩ ሁለቱንም ችሎት አስቀርቤ።

ጠዋት አንሴልም መጣ፣ ስድስት ዓመቱ፣
የታች መንጋጋው ጠቁሮ፣ ቀና እያለ ወደ አባቱ።
አባቱ ሬዣን ሸርጣን አጥማጅ ነው፣ እጁ ጨው ይሸታል፤
"ንቀይለት" አለኝ፣ "ሌላ ይበቅልለታል።
የኔን በስምንት ዓመቴ አይደል? ታዲያ ምን ሆንኩ?"
ሲስቅ ክፍተቱን አየሁ። የእጄን ሥራ አወቅኩ።

ቁጥሩን ነገርኩት፤ የማውቀውን፣ የማላውቀውንም።
"ከመቶው ስንት?" አለ፤ ዓሣ የሚመዝን ሰው አይታለልም።
ነገርኩት። ጣቶቹን እያየ ዝም አለ።
"እና ያኔ የኔን…?" አለ።
"አላውቅም ነበር" አልኩት።
እውነት ነው፤ ግን አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ኮረኮረኝ፣ ሳልውጠው ያዝኩት።

መሰርሰሪያው መንጠቆው ላይ እንደተንጠለጠለ
ቆቡን ደፋሁለት፤ ልጁ ነከሰ፣ "ማንኪያ ማንኪያ ይላል" አለ።

ማታ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው።
ጥርሷ በውኃ ብርጭቆ፣ ከመብራቱ ሥር ነው።
ስለ ዕጣው አወራኋት፣ ስለ ብረቱ ቆብ፣ ስለ ቆጠሩት።
ድዷን በምላሷ ዳሰሰች፣ ጥግ ጥጉን፣ እንደ ባዶ ቤት።
"ያኔም" አለች፣ "አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢቆጥር…"
ያለቀ መሰለኝ። ተነሣሁ። በሩ ላይ ደረስኩ፤
"አንዱም እኮ" አለች፣ "አያመኝም ነበር።"