የፀጉር ያህል

ወዲህ በል ሽጉጡን፤ ከወናፉ ፈቀቅ፣
ባናህን ሰብስባት፣ ፍንጣሪው አይታወቅ።
ከሞላሌ መሐል ሜዳ፣ ውርጭ ረግጠህ የመጣኸው፣
«አባቴ ለምን ሳተ?» ብለህ ልትጠይቅ ነው።
በዐሥራ ሁለት እርምጃ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ስድስቱን ጨርሶ፣ አንዷ ሥጋ ሳታይ።

ዓይኑ ፈዞ ነው አሉ፤ እጁ ርዶ ነው አሉ፤
ያልጠጣውን አረቄ ጠጥቶ ነው አሉ።
የዳነውስ፣ እንግዳወርቅ፣ እሱ ደግሞ ምን አለ?
«ክታቤ ነው» አለ፤ አንገቱ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ተመልከት።

መንኮራኩሩን ነቅዬ፣ ይቺን ለስላሳ እርሳስ፣ እያት፣
በአፈሙዙ ከትቼ በእንጨት ዘንግ ስነዳት፣
በወዲያ ወጣችልህ፤ ንካት፣ ጎኗን ዳስሳት፤
እንደ ታረሰ ማሳ ስድስት ትልም አላት።
የበርሜል ሆዱ እንዲህ ነው፤ ጥርስና ቦይ አለው፣
ጥይት ወፍሮ ካልገባ ጥርሱ አይነክሰው።
ካልተነከሰ አይሾርም፤ ካልሾረ አይቀናም፤
እሳቱም በጎኑ ሾልኮ ያመልጣል፣ አይገፋም።
መንኮራኩሩም ቢሆን፣ ጉሮሮው ከቀጠነ፣
ጥይቱ በርሜል ሳይደርስ ተልጦ ከሲታ ሆነ።
ሰው «ልክ ለልክ» ይላል፤ ልክ ለልክ ውሸት ነው፤
ጥይት የቦዩን ስፋት በፀጉር ይብለጠው፣
ተጨንቆ፣ ተፍቆ፣ ተነክሶ ይውጣ፤
ሰፊ በር ያገኘ ጥይት ነው መንገድ ያጣ።

በካሊፐር ስለካት ዘጠኝ ሚሊ አለፈች፤
ይቺኛዋ ደግሞ ዘጠኝ ሳትሞላ ቀረች።

«የምን ጥይት ናት?» አልክ?
ሰባተኛዋ ናታ። ስድስቱን ወሰዳቸው፣
አባትህ ደምሰው፤ እኔ ነኝ ያፈሰስኳቸው።

ጥቅምት ነው። ቀን ቀን «ቡዳ» ያለኝ ሰው፣ ሌት በሬን ገፍቶ ገባ፤
«ለነገ ስድስት!» አለኝ፤ ዓይኑ ደም እንጂ የለው እንባ።
ለማን እንደሆነ አወቅሁ፤ ጠቡ የእርሻ ድንበር።
እምቢ እንዳልል ፈራሁ፤ ሄጄ እንዳልናገር፣
የቀጥቃጭን ቃል ማን ሰምቶ፣ በዚህ በኛ አገር?
ቅርጹን አጠበብኩት፣ አንዲት ፀጉር ያህል፤
ከእጄ ሌላ ሸንጎ የት አለኝ አቤት ልል?

እንግዳወርቅ ዳነ። አባትህ ግን ቀረ፤
ቀኝ እጁን በጋቢ ሸፍኖ ኖረ፤
እስኪሞት ድረስ ያቺን እጅ ጠረጠረ።
እኔም አልነገርኩት፤ በገበያ ሳገኘው፣
«ደህና ነህ ደምሰው?» ብዬ ነበር የማልፈው።

እንካ፤ ሽጉጡ ደህና ነው፤ ያኔም ደህና ነበር።
እጁም ደህና ነበር።

ሰባተኛዋን ከፈለግህ፣ ያው፣ ውሰዳት፤
ካልሆነ ወናፉን አናፋልኝ፤ እናቅልጣት።