ኋለኛው ግድግዳ

ከቀፊራ ጀርባ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታስጮኸው፣
ሳልሚን በር ላይ ቆሞ፣ «ግባ» አለኝ፣ «ግድግዳው ይኸው።»
የቤቱ ፊት ሰማያዊ፣ መስኮቱ ቅርጽ ያለው፤
ጀርባው ባዶ ድንጋይ፣ ኖራ ያልጎበኘው፣
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልለሰነው።

«የአባቴ ሥራ ነው። ከሙከላ በጀልባ፣
ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ሲገባ፣
በእጁ አንድ ሚዛን ነበር። ተምር መዘነ፤
አገባ፣ ወለደ፣ ባለሱቅ ሆነ።
ልስን ሲሉት ግን፦ ‹ለማላድርበት ቤት ኖራ አልገዛም፤
ከርሞ አገሬ ነኝ፤ እዚህ አላረጅም።›»

ከርሞ መጣ፣ ከርሞ ሄደ፣ ከርሞ ራሱ ሸበተ፤
ሽማግሌው በአንድ ረመዳን ሚዛኑ ሥር ሞተ።
መቃብሩ እዚሁ ነው፣ ደቻቱን ተሻግሮ፤
አላድርም ባለበት፣ እስከ ዛሬ አድሮ።

እኔ ማልታ አሻለሁ፤ ሳልሚን ያወራል፤
ላቡን በፎጣ ጠርጎ እንደገና ይጀምራል።
እሱም በሃያ ዓመቱ የአባቱ አገር ገባ፤
«ሐበሻው» አሉት እዚያ፣ አጎቶቹም ሳይቀሩ፣ ወደብ ላይ፣ ገበያ።
ይገርማል፤ አልተቀየመም፤
ለድሬ ጥብቅና ቆመ እንጂ፣ ቀንም ሌሊትም።
ንዳዷን «ነፋሻ ናት» ብሎ ማለላት፤
በደረቀው ወንዟ ውሃ ሞላላት፤
«እርስዎ የማይባልባት፣ ሁሉ ‹አንተ› የሆነባት
ከተማ ካለች አሳዩኝ» እያለ ተሟገተላት።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ልጆቹን ሰብስቦ
በፍየል ጀልባ ተመለሰ፣ ከፍየል ጋር ተጠጋግቶ።
የሰፈሩ ውርጋጥ «አረቡ መጣ» አለው።
ጥብቅናውም ወዲያው ማዶ ተሻገረ።
አሁን የድሬ ዓሣ በረዶ ነው፤ ሥጋ አይባልም፤
እንደ ሙከላ ባሕር፣ እንደ ሙከላ ነፋስ የለም።

ቱምቢዬን ጣልሁ፤ ክሩ ተወዛውዞ ቀጥ አለ።
«ሳልሚን፣ አገርህ ሁልጊዜ ማዶ ነው» አልኩት። ዝም አለ።

ጥጉ ላይ እናቱ አሉ፤ የባቢሌ ልጅ፣ አሚና፤
«አገርሽ የት ነው» ብሎ የጠየቃት የለምና፣
መልስም አዘጋጅታ አታውቅ። ድንገት ግን ተናገረች፦
«ያ ሽማግሌ አገሩን ሲናፍቅ፣
የእኔ ሻሽ ነበር ድንጋዩ ላይ የሚሰነጠቅ።
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልጅ አቅፌ ስደገፍ
የተላጠው ትከሻዬ ነው፣ በእሱ ከርሞ፣ በእሱ ሰበብ።
ከሞተም ወዲያ አልነካሁት፣ ነፍሱ ትቀየማለች ብዬ።
ይበቃል። ለስነው፣ አንተ ልጅ።
ወፍራም አድርገህ ለስነው።»

አሸዋው የደቻቱ ነው፣ በጎርፍ ከደንገጎ የወረደ፤
ላይ ቤት ድንጋይ ነበር፤ ተፈጭቶ ተሰደደ፤
ማንኪያዬ ላይ ሲወጣ ተራራውን አላነሳም፤
ከኖራው ጋር ተዋሐደ እንጂ፣ አንዳች ነገር አላወራም።
(እኔ ግን አወራሁ፤ ሰው ነኝና።)

በአራተኛው ቀን ፍራታሶ አዙሬ ውሃ ረጨሁ።
አሚና ቀስ ብላ መጥታ፣ ገና ሳይደርቅ ዳሰሰች፤
ጀርባዋን አስጠግታ «ይቀዘቅዛል» አለች።
ሌላ ምንም አላለች።
ሳልሚን ስልክ ይዞ ወጣ፤ የደወሉት ከሙከላ ነው፤
«ከርሞ» ሲል ሰማሁት።
የምን ከርሞ እንደሆነ አልጠየቅሁት።

እኔ የቦዲቲ ልጅ ነኝ፤ ድሬ አሥራ አንድ ዓመቴ፤
ገንደ ቆሬ ነው፣ በጋዜጣ የተለበጠ የኪራይ ቤቴ።
በየጊፋታው ለሚስቴ «ከርሞ እንገባለን» እላለሁ፤
ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል፤ የተጻፈውን በቃሌ አውቃለሁ።

ሒሳቤን ቆጥሮ ሰጠኝ። ብሩን ኪሴ ከተትሁ፤
በሩ ጋ ደረስሁና ተመለስሁ።
«ሳልሚን፣ ያቺ የተረፈች ግማሽ ከረጢት ኖራ...
ካልፈለግሃት፣ እኔ እወስዳታለሁ።»