አሥራ ዘጠኝ ቆርቆሮ

ጃሙና ወንዝ መሃል፣ ዕድሜዋ ያጠረ መሬት፣
"ቻር" ይሏታል ሰዎቿ፤ አሸዋ ለበስ ደሴት፤
ወንዝ ተሸክሞ ያመጣት፣
ወንዝ ቆርሶ የሚበላት።

እዚያ ነው የሞኖዋራ ቤት፣
ስድስት ጊዜ ተነቅሎ፣ ስድስት ጊዜ የቆመላት።
ባሏ ቶፋዞል ዳካ ነው፤ ጡብ ያመላልሳል በራሱ፤
ሐሙስ ማታ ይደውላል፤ መስመር ይቆርጣቸዋል ሳይጨርሱ።

ዝናቡ ጠንቶ ወንዙ ሲሞላ፣
ሌሊት ነው ዳርቻው የሚበላ።
ዱብ!
ጎጆ የሚያህል አፈር ገባ።
እኛ "ዱብ ዕዳ" የምንለው
እነሱ ዘንድ ድምፅ አለው።
ከድምፁ ይልቅ ግን እሷን የሚያደክማት
ዝምታው ነው፤ ቀጣዩን ስትጠብቅ ጆሮዋ የሚረዝምባት።

ደረቷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ወንዝ አለ፣
በጋ ክረምት ሳይል ዳር ዳሯን የሚንድ፣ አንድ ቀን ያልጎደለ።
እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሿ ያጥራል፤
"አሁን ነው፣ ዛሬ ነው፣ ይኸው መጣ" ይላል።
ሐኪም ቢያየው ስም አያጣለትም፤
ሐኪሙ ግን ሁለት ጀልባ ማዶ ነው፤ ከማክሰኞ በቀር አይገኝም።

ስለዚህ ትቆጥራለች።
ከጣሪያው ጥግ ትጀምራለች፤
በኖራ የተጻፈውን፣ ከቆርቆሮው ሆድ ላይ፣
ኩራዝ ሳታበራ፣ በልቧ ዓይን ስታይ።
(ቁጥሩን የጻፈችው ቤቱ መጀመሪያ የፈረሰ ለት ነው፣
የቱ ከየቱ አጠገብ እንደነበር እንዳይጠፋት ነው።)

አንድ፦ የበሩ ራስ፤ ዝገት የበላው ጫፉን፤
አራት፦ በረዶ የመታው፣ ፈንጣጣ ያስመሰለው ፊቱን፤
ሰባት፦ ሹሊ የተወለደች ሌሊት ያፈሰሰው፣
ሳህን ተደቅኖለት፣ ጠብ ጠብ እያለ ምጧን የቆጠረው።
አሥራ አንድ የለም። ነፋስ ነው የወሰደው።
እሷ ግን አትዘለውም፤ ቦታው ጆንያ ነው፣ ስሙ ግን የራሱ ነው።
ሃያ ትቆጥራለች፤ ቆርቆሮው አሥራ ዘጠኝ ነው።
አሥራ ስምንት ላይ ወይ ትንፋሿ ይረዝማል፣
ወይ ይነጋል።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው መጣ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፤
"ተስፋ አትቁረጡ" ብሎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሄደ በጀልባው ተመልሶ።
ሞኖዋራ ሳቀች፦
"እኔ የማውቀው ገመድ ይቆረጣል፤
ሲቆረጥ ይቋጠራል፤
ቋጠሮው እጅ ይቆረቁራል፤
ለመያዝ ግን ያመቻል።"

ቀን ቀን በቀርከሃ ዘንግ ትለካለች፣
ከምድጃዋ እስከ ውሃው።
ሰኞ አርባ እርምጃ፤ ዓርብ ሠላሳ አንድ።
አሥራ ሁለት ሲቀር ይነቀላል፤ ሕጓ ነው፤
ከዚያ በፊት መፍራት ክልክል ነው።
ልብ ግን መች ሕግ ሰምቶ ያውቃል!

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሆነ።
ሽማግሌው ጎፉር ሳይጠሩት መጣ፤ ምሰሶውን ነቀነቀ፤
አምና የእሱ ቤት ሲፈርስ እሷ ነበረች ሚስማር ለቃሚ።
"አይዞሽ" ያላት ሰው የለም፤
ሚስማር ነው የተቀባበሉት፣
የተጣመመውን በመዶሻ እያቀኑት።

ጀልባው ላይ ሹሊ ጠየቀች፦ "ደግሞ ወዴት ነው?"
"ወንዙ ከእኛ የወሰደውን ወዳስቀመጠበት ነው።"

ነጭ አሸዋ፤ ሣር እንኳ ያልደፈረው።
ጉድጓድ ቆፍራ፣ እበት ሞልታ፣ የዱባ ዘር ቀበረችው።
በየማለዳው ውሃ፣ በእንስራ፣ ከዚያው ከጠላቷ ቀድታ።

ዱባው አልጋ ሥር ተደርድሮ፣ አንድ ሌሊት፣
ዱብ!
ሞኖዋራ ብድግ አለች፤ እጇ ጀመራት፤
"አንድ... ሁለት... ሦስት..."
ዱባ ነበር፤ ከክምሩ የተንከባለለ፤
እሷ ግን ይህን ገና አላወቀችም።
ከጨለማው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ እንቅልፍ በያዘው አፍ፣
"አራት" አለች ሹሊ።
"አምስት።"
"ስድስት።"
እንዲህ ተቀባብለው ሄዱ፣
አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ
ሁለቱም አብረው ጠሩት።